ጉንፋን የማይዘው ሰውዬ

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ማዕዘኑን ነው። ሶፋውን አይደለም፣ ቴሌቪዥኑንም አይደለም። ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ማዕዘን። እዚያ ጋ ጥቁር ጥቁር ነገር ካየሁ በሆዴ "አይዞሽ፣ የኔው ቢጤ ነሽ" እላለሁ። ካላየሁ ደግሞ ትንሽ እቀናለሁ። ለንደን ውስጥ ሀብታምና ድሃ የሚለየው በመኪና ይመስላችኋል? በሻጋታ ነው።

እኛ የምንኖረው ዋይት ሲቲ ነው። ትልቁን የገበያ አዳራሽ የምታውቁት ከሆነ ከሱ ጀርባ። ሰው ፌስታል በፌስታል ሆኖ ሲወጣ ከወጥ ቤታችን መስኮት ይታያል። ቤታችን ሁለት መኝታ አለው። አንዱ የኔና የባለቤቴ የዳዊት ነው፤ ክፍሉ ደህና ነው፣ ግን ከአልጋችን ሌላ አያስገባም። ሌላው የልጃችን የሶልያና ነው። ያ ክፍል ፀሐይ የሚባል ነገር አያውቅም። ብርዱ ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል። ሰው ሲያልበው ይታጠባል፤ ግድግዳ ሲያልበው ምን ይደረጋል? እጠርገዋለሁ። በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ "የት ጠፍተሽ ነበር" የሚለኝ ይመስለኛል።

አከራያችንን ብንጠይቀው መስኮት ክፈቱ አለን። ከፈትን፣ ብርዱ ገባ። ማሞቂያ አብሩ አለን። አበራን፣ ሻጋታው ሞቀውና ደስ አለው። በመጨረሻ ጥፋቱን ማብሰያ ቤት አገኘው። ብዙ ታፈላላችሁ አለን። ሐሰት አይደለም፣ ወጥ ሳይፈላ አይሆንም። ሽሮ በቀዝቃዛው እንዲበላ የሚፈልግ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ሶሊ አምስት ዓመቷ ነው። ታስላለች። ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ፣ አንገቷን ነቅንቃ፣ "ደረቅ ክፍል ውስጥ ትተኛ" አለችኝ። ፓራሲታሞል ስጫት እንደማለት ነው የተናገረችው። ደረቅ ክፍል ከየት ፋርማሲ ነው የሚገዛው?

ጎረቤቴ ጋ አንድ ማሽን አይቻለሁ። አየር ውስጥ ያለውን ውሃ እየሳበ ወደ ሆዱ ያጠራቅማል። የእንግሊዝኛ ስሙን ለመጥራት ሌላ ምላስ ይጠይቃል፤ እኛ ቤት "ውሃ መጣጩ" ነው የሚባለው። ለሶሊ እንግዛላት ብዬ ዳዊትን ለመንኩት። አንድ ብርድ አለፈ። ደግሜ ለመንኩት። ሌላ ብርድ ገባ። ዳዊት ቤት ስንገዛ ይሄ ሁሉ ይቀራል ይለኛል። መቼ ነው የምንገዛው ስለው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላል። ይሄን ተረት የሚወዱ ሰዎችን አስተውላችኋል? እንቁላሉን ታቅፎ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ዳዊት ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ የሮጠ ሰው ካየ በሩን መልሶ የሚከፍት ሹፌር ነው። ልጁን ይወዳል። የሚወዳት ግን ወደፊት ነው። ትልቅ ሆና፣ ተምራ፣ ጋውን ለብሳ ያያታል። አሁን አፍንጫዋ እየፈሰሰ ያለችዋን ሶሊ የማየው እኔ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከፕሮግራም በኋላ ሻይና ብስኩት አለ፤ ወንዶቹ አንድ ጥግ ይይዛሉ። ድሮ በዚያ ጥግ ስለ አገር ቤት መሬት ነበር የሚወራው። አሁን ስለ ኢንቨስትመንት ሆኗል። ወሬውን የሚያመጣው ናቲ ነው። ናቲ እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው፤ ከተማው መሃል መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ ይሠራል። ምን እንደሚሠራ ሁላችንም ጠይቀነዋል፤ አስረድቶናል፤ ራሳችንን ነቅንቀናል። እስካሁን የሚያውቅ የለም።

አንድ እሁድ ናቲ ዳዊትን "ብሮ፣ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ስሊፕ ያደርጋል። አሴት ግን ግሮው ያደርጋል" አለው።

ምን ዓይነት አሴት ቢሉት፣ የድሮ የቤዝቦል ካርድ አለ። ቤዝቦል የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ ከዚያ ይሮጣል። ዱላ ስላለው እኔ የገና ጨዋታ መስሎኝ ነበር። የተጫዋቾቹን ፎቶ የዛሬ ስንት ዘመን በትናንሽ ካርቶን ላይ አትመው ለልጆች ይሸጡ ነበር አሉ። ልጆቹ አረጁ፣ ካርዶቹ ጠፉ፣ የቀሩት ተወደዱ። ለንደን ውስጥ ይሄን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። እንግሊዞች የራሳቸው የዱላ ጨዋታ አላቸው፤ ቀናት ይፈጃል፣ መሃል ላይ አቁመው ሻይ ይጠጣሉ።

"ዛትስ ዘ ፖይንት" አለ ናቲ። እዚህ አገር የሚያውቀው ስለሌለ ርካሽ ነው፣ እዚያ ስለሚታወቅ ውድ ነው፣ መሃል ላይ የቆመ ሰው ይከብራል። ሲያስረዳ ደስ ይላል። እኔ ራሴ ብስኩቴን ይዤ ፈዝዤ ቀርቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ዳዊት ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት መጥፋት ጀመረ። ሰዎች መኪናቸውን ከኋላ ከፍተው የቤታቸውን አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ገበያ አለ አይደል? እዚያ። የተሰበረ አምፖል፣ የጎደለ ሲኒ፣ የሞተ ሰው ኮት። ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመጣል። አንድ ቀን ግን የብስኩት ጣሳ ታቅፎ ገባ። ጣሳው ውስጥ የቤዝቦል ካርዶች ነበሩ፤ ከሁሉም በላይ አንድ ሰውዬ። ጢሙ ወፍራም ነው፣ ኮፍያ አድርጓል፣ ጥሎሹ ያነሰበት አማች ይመስል አፍጥጦ ያያል። ዳዊት ፎቶ አንስቶ ለናቲ ላከለት። ናቲ ደወለና "ብሮ" ብሎ ዝም አለ። ናቲ ዝም ካለ ነገሩ ውድ ነው ማለት ነው።

ስሙን መጥራት ስላልቻልን "ሰውዬው" አልነው። ሶሊ አየችውና "ዳዲ፣ ኢዝ ሂ ዴድ?" አለች።

"አዎ የኔ ማር፣ ሞቷል" አላት ዳዊት፣ ፊቱ በርቶ። የሞተ ተጫዋች ይወደዳላ። ከወራሽ በቀር ሰው በመሞቱ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ሰውዬው ቤታችን ከገባ በኋላ ሕግ ወጣ። እጅ ሳይታጠቡ አይነካም። ፀሐይ አያይም፤ ይሄ እንኳን ለኛ ቤት ቀላል ነው። ከሁሉ በላይ እርጥበት እንዳያገኘው። ናቲ "ሂዩሚዲቲ ኢዝ ዘ ኤነሚ" ብሏል። ኮሪደራችን ላይ አንዲት ዕቃ ማስቀመጫ አለች፤ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ስለሚያልፍባት ከቤቱ ሁሉ ደረቋ እሷ ናት። የሶሊን ልብስና ብርድ ልብስ የማስቀምጠው እዚያ ነበር። ልብሱ ወጣ፣ ሰውዬው ገባ። ልብሱ የት ሄደ? የሚያልበው ግድግዳ ሥር።

ከዚያ አንድ ቀን ትልቅ ካርቶን መጣ። ከላዩ ላይ ያለውን ሥዕል ሳይ አወቅኩት፤ ውሃ መጣጩ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። የሶሊን አልጋ ትንሽ ገፋ አድርጌ፣ ሶኬቱ ጋ ቦታ ጠርጌ ጠበቅኩ። ዳዊት ከሥራ ገባ፣ ካርቶኑን ከፈተ፣ ማሽኑን አቅፎ ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ከሰውዬው ጋር ዘጋበት።

"ለሶሊ መስሎኝ" አልኩት።

"ለሶሊ ነው እንጂ። ሰውዬው የማን ሆነና? ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የሚከፍልላት እሱ አይደል?"

"ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ታስል?"

"ቲጂዬ፣ ሎንግ ተርም አስቢ።"

እኔ ብዙ አልናገርም። ግን አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ማሽኑ ቀን ቀን ከሰውዬው ጋር ይዋል፣ ማታ ማታ ሶሊ ጋ ይደር አልኩት። አንተስ በፈረቃ አይደል የምትሠራው? እሱ ግን ናቲን ጠይቆ መጣ። እርጥበቱ ከፍ ዝቅ ሲል ወረቀቱ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ ይጎብጣል አለኝ። "ካርድ ፈረቃ አይችልም" አለ። ስለዚህ ሶሊ ቻለችው። ሌሊቱን ስታስል ከኮሪደሩ የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል፤ ህምምም እያለ ሰውዬውን ያስተኛዋል። ቤታችን ውስጥ ጉንፋን የማይዘው ሰው አንድ ብቻ ሆነ። እሱም ሞቷል።

ሎንግ ተርም ምን እንደሆነ ግን ከዳዊት በፊትም አውቀዋለሁ። ክላፋም የሚኖሩ እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት አሉ። ለልጃቸው ሠርግ ብለው ዙሪያው ወርቅ የተቀባ ሳህን ገዝተው መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደሩት። እንግዳ ሲመጣ በወረቀት ሳህን ይበላል፤ ያኛው ለሠርጉ ነዋ። ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ አንድ ማክሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ፈርማ አገባች፣ ከዚያ ከባሏ ጋር በርገር በሉ። ሳህኑ እስካሁን አለ። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ እትዬ ጥሩነሽን ጥንቸል የተሣለበት የልጅ ልጃቸው ፕላስቲክ ሳህን ላይ ሲበሉ አገኘኋቸው። ሎንግ ተርም ይሄ ነው። ዕቃው ይኖራል፤ እኛ ዘበኛ እንሆንለታለን።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ናቲ እንዲህ ዝም ብሎ አይሸጥም አለ። መጀመሪያ አሜሪካ ተልኮ መፈተን አለበት። እዚያ በአጉሊ መነጽር ጠርዙን አይተው፣ ከአሥር ውጤት ሰጥተው፣ በላስቲክ አሽገው ይመልሱታል፤ ያኔ ዋጋው ይሰቀላል። ስምንት ካመጣ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ሆነ ማለት ነው ተባለ። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ስምንት እንዲህ እንደሚያወጣ ያን ጊዜ የነገረኝ የለም።

ሰውዬው ለፈተና ሊሄድ ሲል ጋሽ ተሰማ መጡ።

ጋሽ ተሰማ የዳዊት አጎት ናቸው። ክሮይደን ነው የሚኖሩት። ዳዊት እዚህ አገር ሲገባ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ሥራ እስኪይዝ ሶፋቸው ላይ ያስተኙት፣ ካልሲ ሳይቀር የገዙለት። ስለዚህ ጋሽ ተሰማ ያሉት ሁሉ እሺ ነው። እሳቸው ደግሞ አንድ ነገር አላቸው፤ ወረቀት ላሚኔት ያደርጋሉ፣ በትኩስ ላስቲክ ያሽጋሉ። ጥንት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያቸው ሲታይ፣ ክሮይደን ኢሚግሬሽን ቢሮ ደጅ ሰልፍ ላይ ቆመው ዝናብ ያዛቸው። ኮታቸው ሥር የያዙት ወረቀት ራሰ፣ ቀለሙ ፈሰሰ። ተራቸው ሲደርስ ስማቸው ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ነበር። ነገሩ እስኪስተካከል ያዩትን አበሳ እሳቸው ይንገሯችሁ። ወረቀቱ እጃቸው ሲገባ የመጀመሪያ ሥራቸው የላሚኔት ማሽን መግዛት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደቡብ ለንደን ውስጥ ጋሽ ተሰማ ያላሸጉት የአበሻ ወረቀት ያለ አይመስለኝም። የጋብቻ፣ የልደት፣ የመንጃ፣ የምግብ አሠራር ሳይቀር። አይከፈላቸውም። ይባረኩ ካላችኋቸው ይበቃቸዋል።

የሰንበት ትምህርት ልጆች ሰርተፊኬት ሊያሽጉ ማሽናቸውን በጋሪ እየጎተቱ ዓርብ ማታ እኛ ጋ መጡ። ከራት በኋላ ዳዊት እጁን ታጥቦ ሰውዬውን አወጣላቸው።

"ይሄ ማነው?" አሉ።

"ቤዝቦል ተጫዋች ነው ጋሼ።"

"ዘመዳችሁ ነው?"

"አይደለም፣ አሜሪካዊ ነው።"

"እና ምን ያደርግላችኋል?"

"ይሸጣል። ባረጀ ቁጥር ይወደዳል።"

ጋሽ ተሰማ አሰቡበት። "እኔም ይኸው አርጅቻለሁ" አሉ። "ዋጋ የጠየቀኝ የለም።"

ዳዊት ሁሉንም አስረዳቸው። ውሃ ጠላቱ እንደሆነ። አሜሪካ ሄዶ በላስቲክ ታሽጎ እንደሚመለስ። መንገድ ላይ ቢጠፋስ እያለ እንቅልፍ እንዳጣ። ጋሽ ተሰማ ወረቀት ማጣትን ያውቁታልና አዘኑለት። ይሄኔ ሶሊ ከክፍሏ ሳለች። ረጅሙን ሳል፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጨውን። ጋሽ ተሰማ ወደ ኮሪደሩ አዩ።

"ያ የሚያንጎራጉረው ምንድነው?"

"ውሃ ከአየር የሚመጥ ማሽን ነው ጋሼ። ለካርዶቹ።"

"ለካርዶቹ" አሉ። አልጋቸውን ሳሎን አነጠፍኩላቸው።

በማግሥቱ ዳዊት ሥራ ገባ፣ እኔ ለሶሊ የሳል ሽሮፕ ልገዛ ይዣት ወጣሁ። ስንመለስ ቤቱ ትኩስ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። ጋሽ ተሰማ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። በአንድ በኩል የልጆቹ ሰርተፊኬት ተከምሯል። በሌላ በኩል የብስኩቱ ጣሳ ባዶውን ተከፍቷል። ካርዶቹ በሙሉ ላስቲክ ለብሰው በመስመር ተደርድረዋል። ሰውዬውም አለ፤ ያብረቀርቃል። ላስቲኩ ልጅ እንዳይወጋ ጫፍ ጫፉን በመቀስ ክብ አድርገውለታል።

እውነቱን ልንገራችሁ? ወደድኩት። "ውይ ጋሼ፣ እንዴት ያምራል" አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ ወረቀት ሲታሸግ የሚከስር መሆኑን ማን ነግሮኝ? እኔ የማውቀው የተወደደ ወረቀት ሁሉ ላስቲክ ውስጥ ነው።

ዳዊት ማታ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ጋሽ ተሰማ ብድግ ብለው ሰውዬውን በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

"እንካ ልጄ፣ ከጭንቀት ገላገልኩህ። አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደው? የነሱ ላስቲክ ከክሮይደን ላስቲክ በምን ይበልጣል? ገንዳ ውስጥ ነክሬ አይቼዋለሁ፣ ጠብታ አላስገባም።"

ዳዊት ተቀበለ። አገላበጠው። ጣሳውን አየ።

"ሁሉንም ነው ጋሼ?"

"ሁሉንም። አላዳላሁም።"

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሶፋቸው ላይ ያስተኟችሁ ሰው፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ጎንበስ ብለው ሲሠሩላችሁ የዋሉ ሰው ፊታችሁ ቆመው ምርቃት ይጠብቃሉ። ዳዊት እጅ ነሳ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ" አለ። "እጅዎ ይባረክ።" ድምፁ የሚመጣው ከአውቶቡሱ ሞተር ሥር ይመስል ነበር።

ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ፤ እኔም ተከትዬው ገባሁ። ስልኩን አውጥቶ ለናቲ በቪዲዮ አሳየው። ናቲ አየ።

"ብሮ፣ ኖ።"

"ይላጣል?" አለ ዳዊት በሹክሹክታ።

"ብሮ፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል። ሜሪድ ናቸው። ዲቮርስ የለም።"

"እነሱስ ላስቲክ አይደል የሚያደርጉት?"

"ያኛው ኬዝ ነው ብሮ፣ ይከፈታል። ይሄ ፍሪጅ ላይ ነው የሚለጠፈው።"

ዳዊት በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ስንት ወር ሙሉ በሰውዬው ተናድጄ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አንጀቴን በላኝ። የሚሸጡ ቤቶችን ስልኩ ላይ ከፍቶ፣ የልጅ ክፍል የሚለውን ፎቶ በጣቱ እያጎላ ሲያይ አግኝቼው አውቃለሁ። ያለቀሰው ለሰውዬው አይደለም። ደግሞ አላለቀሰም፤ ዓይኑ ሽንኩርት የላጠ ሰው ዓይን ሆነ እንጂ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተሰማ ውሃ ሊጠጡ ነው።

"ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?"

"ምንም ጋሼ። ድካም ነው።"

ውሃቸውን ቀድተው ቆመው ጠጡ። "እንግዲህ" አሉ፣ "ካርዶቹ አሁን ባሕር ቢገቡም አይፈሩም። ያ ማሽን ሥራ ፈቷል። ለልጅቷ አድርጉላት። ትናንት እሷም አልተኛች፣ እኔም አልተኛሁ።"

ዳዊት አየኝ። እኔ ሳህን ማጠቢያውን አየሁ። ምን ምክንያት ቀረው? ካርዱ አሁንም ድርቀት ያስፈልገዋል ቢል የጋሽ ተሰማን ሥራ መናቅ ነው። ካርዱ ተበላሽቷል ቢል ደግሞ የባሰ ነው። ዝም ቢል ማሽኑ በእውነትም ሥራ ፈት ነው። ተነሳ። ራሱ ከኮሪደሩ አቅፎ አወጣው፣ ሶሊ አልጋ አጠገብ አስቀመጠው፣ ሶኬቱን ሰካው። ህምምም አለ።

ጠዋት የማሽኑን ሆድ ስናወጣ ሞልቶ እስከ አፉ ደርሷል። ዳዊት ሁለት እጁ ላይ ይዞት ቆመ።

"ይሄ ሁሉ ከዚህ ክፍል ነው?" አለኝ።

"ትተነፍሰው የነበረው ነው" አልኩት።

ገንዳው ውስጥ ደፋው፤ ሲወርድ እስከ መጨረሻው ቆሞ አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይነግረው የሚደፋው እሱ ነው። ሶሊ አሁን የምታስለው ትምህርት ቤት መሄድ ሲያስጠላት ብቻ ነው።

ጋሽ ተሰማ አውቀው ነው ወይስ በየዋህነት? ጠይቄያቸው አላውቅም። ማሽናቸውን በጋሪ እየጎተቱ ሲሄዱ ጉንጬን ስመው "ልጅቷ ለምን ደረቅ ቦታ እንደማትተኛ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ዓርብ ማታውኑ አሽግልሽ ነበር" አሉኝ። ማንን ሊያሽጉ እንደነበር አላብራሩም።

ዳዊትስ? ባለፈው እሁድ ሻይ ላይ ወንዶቹ ሰውዬው እንዴት ነው አሉት። ከሰረ ብሎ ያወራል ብዬ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ለካ እሱ መሪ ይዞ ሲያስብበት ከርሟል። አንድን ነገር ውድ የሚያደርገው ብርቅ መሆኑ ነው አይደል? አላቸው። አዎ አሉ። በዓለም ላይ ላሚኔት የተደረገ ሰውዬ ስንት አለ? አንድ። የት? ዋይት ሲቲ። ናቲ አፉን ሊከፍት ሲል ዳዊት ትከሻውን ነካ አድርጎ "ናቲዬ፣ ሎንግ ተርም አስብ" አለው። ከወንዶቹ አንዱ ዞር ብሎ የጋሽ ተሰማን ስልክ ጠየቀ።

እህቶች "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያሉ ሳቁበት። እኔ አልሳቅኩም። ያን ተረት ያወጣው ሰው ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ባሌ የግድ ላም ያምረኛል ካለ፣ ሰማይ ላይ ያርባት። ቢያንስ የልጄን ቦታ አትይዝም።